ላሜራ የለበሰው በር

በሩን ሲነቅሉት እኔ ሮቢ ወንዝ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ስመለስ ገና እንስራዬን ከጀርባዬ ሳላወርድ ነው ያየሁት። በመተላለፊያው ጫፍ፣ በእኛ ክፍሎችና በጥሊያን መጋዘን መካከል ያለው የድንጋይ ግንብ አፉን ከፍቶ ቆሟል። በሩ በነበረበት ቦታ የተቀደደ ጆንያ ሰቅለውበታል። ነፋስ ሲመጣ ጆንያው ወደ እኛ ይነፋል፤ የቤንዚንና የካትራሜ ሽታ ይዞ ይገባል። የልጄ የሙሀባ ክፍል የመጨረሻው ነው፣ ግንቡን የተጠጋው። አራስ ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ የሕፃኑን አፍንጫ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ተኝታለች።

«ማነው የነቀለው?» አልኳት።

«የአጎቴ ሰዎች ናቸው» አለች። እኔም እንስራዬን አውርጄ ቆምኩ። የእናቴ ልጅ፣ ታናሼ ሷሊሕ፣ የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ፣ ጥሊያኖቹ እንደሚሉት ካፖ ነው። ክፍሉን የሰጠን እሱ፣ የሙሀባን ባል ጣርማ በር ዋሻ ቁፋሮ ያስገባልን እሱ። ስለዚህ ስለ እሱ ክፉ ሲነሣ በቤታችን ሁሉም ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚያየው።

ይህ ረጅም ቤት ፊት መጋዘን ብቻ ነበር። ኋላ ሠራተኛ ሲበዛ ግማሹን በጣውላና በሰሌን እየከፈሉ ለቤተሰብ ሰጡት። ሰሌኑ ጣራ አይደርስም፤ አንዱ ቤት ሲያነጥሱ ሌላው ቤት ይማርህ ይባላል። ግማሹ እንደ ድሮው መጋዘን ነው፤ በርሜሉ፣ ጣሳው፣ ለመንገዱ የሚፈሰው ጥቁር ካትራሜ ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ጣራችን አንድ ነው። በጋ ላይ የቆላው ነፋስ ሲነሣ፣ እያንዳንዷ ሴት በየደጃፏ ጉልቻ ላይ ገንፎዋን ስታገነፋ፣ ፍሙ እንደ አንበጣ እየዘለለ ጣራ ሥር ይገባል። ጀውሃ ላይ እንዲህ ያለ ቤት በአንድ ከሰዓት አመድ ሆኗል። ከተረፉት ሴቶች አንዷ እዚህ መጥታ እኛ ጋ ሰንብታ ነበር፤ ስትናገር ሰምተናታል። ያኔ የነበረው ኢንጅኔር ያንን ካየ በኋላ ነው በሩን ያሠራው። ድርብ ጣውላ ነው፤ በፊትም በኋላም ላሜራ ለብሶ ዙሪያውን በሚስማር ተመትቷል። በሰንሰለት ድንጋይ ታስሮበት ሰው ሲለቀው ራሱ ይዘጋል። «እዚያ ቢነድ እዚህ አይመጣም፣ እዚህ ቢነድ እዚያ አይሄድም» ብሎ በአስተርጓሚ አስረዳን። ለእኛ አዝኖ ይሁን ለቤንዚኑ እሱ ያውቃል። ሰውዬው ወደ ደሴ ሄደ፤ የመጣው አዲሱ ከመንገዱ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። በሩ ግን ቀርቶልን ነበር።

የመጋዘኑ ጠባቂ አብዱልወሃብ ጆንያውን ገልጦ ወጣ።

«እትዬ ጣይባ፣ እኔን አይቆጡኝ» አለ ገና ሳልናገረው። «ካፖው ካሉ አሉ ነው።»

«የምታጨሰውንም ካፖው ነው ያዘዘህ?»

ሲጋራውን አየው። ግንቡ ላይ ደፍጥጦ አጠፋውና ቁራጩን ጆሮው ላይ ሰካ።

ጎረቤቴ ጌጤ ከደጃፏ ሆና ትስቃለች። ባሏ የሞተባት የደብረ ሲና ሴት ናት፤ ልጇ ድንጋይ ይፈልጣል፣ እሷ ጠላ ትሸጣለች። ምላሷ ያው ምላሷ ነው። «ወንድምሽ ካፖ ከሆነ ወዲህ ያልወሰደብን ጥላችንን ብቻ ነው» አለች። «እሱንም ፀሐይ ስትዞር ይልክበታል።»

«ምን ሊያደርግለት ነው?»

«ደጁ ላይ ሊገጥመው ነዋ! የካራቆሬውን ሰው አልሰማሽም? እሱም ካፖ ነበር። ዱር ያሉት አርበኞች መጥተው የእንጨት ደጁን በችቦ አነደዱበት፤ ቤቱ ከነእሱ ጋየ። ላሜራ እንግዲህ በችቦ አይነድ። ወንድምሽ ብልጥ ነው፤ እኛ ነን እንጂ ሞኞቹ።»

ነጠላዬን መከናነብ ስጀምር ሙሀባ ከውስጥ ጠራችኝ። «እማ፣ ተይው። አትሂጂበት» አለች። «የባሌ እንጀራ በሱ እጅ ነው።» ልክ ናት። ማሽላ ከጨመረ ወዲህ ገበያተኛው የጥሊያኑን ሊሬ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ የድሮውን ማርትሬዛ ብር አምጡ ይላል። በወር መጨረሻ ከጣርማ በር የምትመጣው ያቺው ሊሬ ብትቀር የምንልሰው የለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሕፃኑን አየሁት። እንደዚያ ትንሽ ሆኖ ያንን ሽታ እየሳበ ይተኛል። ወጣሁ።

የሷሊሕ ቤት ከኬላው ወዲህ፣ ከመንገዱ በላይ ነው። በአካባቢው ቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት የሱ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ግን እንደ ሰው ሁሉ እንጨትና ጭቃ ነው። ከሩቅ ነው በራችንን ያየሁት፤ ፀሐይ መትታው እንደ መስተዋት ያበራል። ለሱ ደጅ ሰፍቶት ግድግዳውን አፍርሰው ነው ያስገቡት፤ ዙሪያው እርጥብ ጭቃ ነው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። እንዲህ የሚያበራ ነገር ከላይ ከተራራው ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው እንዴት ያልፈዋል ብዬ አሰብኩ። ወንድሜ ግን ደንግጧል፤ የደነገጠ ሰው ማሰብ የት ያውቃል።

ሚስቱ መሪያም ብቻዋን ነበረች። ልጆቹ ጓሮ ይጫወታሉ። ስታየኝ ተደናግጣ ተነሣች፤ ለምን እንደመጣሁ አውቃለች። ምንጣፍ ልታነጥፍልኝ ስትል ከደፉ ላይ፣ በሩ ከሚዘጋበት ቦታ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ኧረ እትዬ፣ ውስጥ ይግቡ! ደፍ ላይ ይቀመጣል?»

«እዚሁ ይበቃኛል።»

ብርዝ በቅል ቀድታ አመጣች። ቅሏን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች። ከወንዝ ወጥቼ ያንን ሁሉ አቀበት መጥቻለሁ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። «አልቀምስም» አልኳት። «የመጣሁበት ሳይሰጠኝ በዚህ ቤት እህል ውሃ አልቀምስም።»

እንዲህ የተባለበት ቤት ምን እንደሚሆን የማያውቅ በይፋት ምድር የለም። እንግዳ የሆነ ባዳ እንኳ እንዲህ ብሎ ቢቀመጥ ባለቤቱ ወይ ይሰጣል ወይ በየገበያው ይወራበታል። እኔ ደግሞ ባዳ አይደለሁም፤ እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ታላቁ ነኝ። መሪያም ቅሏን መሬት ላይ፣ ከእግሬ አጠገብ አስቀመጠችና የምትለቅመውን ማሽላ ይዛ ከውስጥ ተቀመጠች። ቤቱን አየሁት። የጥሊያን አልጋ፣ የብረት ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ፋኖስ፤ ሁሉም በየጥጉ ተጠግቶ መሐሉ ባዶ ነው፣ ሰው ለመሮጥ ቦታ እንዳበጀ ይመስላል። ከአልጋው ግርጌ ውሃ የሞላ ጋን ተደርድሯል። ለመጠጥ እንዳልሆነ ማንም ያውቀዋል።

«አይተኛም፣ እትዬ» አለች መሪያም ቀና ሳትል። «ቅጠል ኮሽ ሲል ይነሣል። ልጆቹም እንቅልፍ አጡ።»

ማሽላዋን መልቀም ቀጠለች።

ሷሊሕ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ መጣ። የጥሊያኑን ካኪ ኮት ለብሷል፣ ባርኔጣውን ግን ገና ከመንገድ አውልቆ በእጁ ይዞታል። ሲያየኝ እርምጃው ቀነሰ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እታለም። ፀሐይ ላይ ምን ያስቀምጥሻል?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። በሬን ልወስድ መጥቼ ነው።»

«በሩ የመንግሥት ነው» አለ። «ያንቺም አይደለም፣ የኔም አይደለም።»

«የመንግሥት ከሆነ መንግሥት በሰቀለው ቦታ ይዋል።»

በመንገዱ የሚያልፍ ባለ አህያ ሰው ሰምቶ ሣቀ። ሷሊሕ ዞር ብሎ አየው፤ ሰውዬው አህያውን ነዳ። ወንድሜ ሊገባ ፈለገ፤ እኔ ግን ደፉን ሞልቼ ተቀምጫለሁ። ታላቁን ተሻግሮ አይገባም፤ ካፖ ቢሆንም እኔ ያሳደግሁት ልጅ ነው። እግሩን አነሣና መልሶ አወረደው። ቅሏን አያት፤ ሙሉ መሆኗን ሲያይ ነገሩ ገባው። በጓሮ ዞሮ ውዱእ አደረገና ከግራሩ ሥር ሰገደ። ሰግዶ ሲጨርስ እንደ ሥራ ፈላጊ ከደጁ ፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ። በገዛ ቤቱ ደጅ፣ ውጭ።

«ሙሀባን አምጫት» አለ ዝግ ብሎ። «ሕፃኑንም። አንቺም ነይ። አልጋውን ለሷ እለቃለሁ። ወላሂ እለቃለሁ።»

«ጌጤስ?»

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አገላበጠ።

«የሌሎቹስ ልጆች? ሁሉንም አልጋህ ላይ ታስተኛቸዋለህ?»

«የነሱ ቤት ላይነድ ይችላል።»

«ያንተስ?»

መሬቱን በጣቱ ይቧጭራል። ልጅ ሳለ መልስ ሲጠፋበት እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና የካፖ ድምፁን አመጣ። «ባሏ ዋሻው የሚሠራው በኔ ቃል ነው፣ እንዳትረሺ።»

«አልረሳሁም። ከፈለግህ ነገ አስወጣው። ሬሳ ከምቆጥር ሥራ ፈት ብመግብ ይሻለኛል።»

ማስፈራሪያው ሲከሽፍበት ድምፁ ወረደ። ወደኔ ጠጋ አለ፤ መሪያም እንዳትሰማ መሰለኝ፣ እሷ ግን ማሽላ መልቀሟን ካቆመች ቆይታለች። «የካራቆሬው ሰው ጓደኛዬ ነበር» አለ። «አብረን ነው የተቀጠርነው። ከሱ ቀጥሎ ተራው ያንተ ነው ብለው ላኩብኝ። በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ስሜን ጠርተው። ሥራውን ልተው ብል ጥሊያኑ ከነሱ ጋር ነህ ብሎ ያስረኛል። ባልተውም እነሱ ያቃጥሉኛል። የት ልግባ? እስቲ ንገሪኝ፣ የት ልግባ?»

ካፖ ሁን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ዱር የገቡትንም እኔ አልላክኋቸውም፣ የሚያቃጥሉበትንም ምክንያት አውቃለሁ። እሱ አለቃ ሆኖ በጅራፍ ያስነሣቸውን ሰዎች አይቻለሁ። ከዚያ እጁን አየሁት፤ ጥፍሮቹ ሥር የኛ ግንብ ሲሚንቶ ገብቶባቸዋል። ራሱ ነው የነቀለው ማለት ነው። ሰዎቹን ብቻ አልላከም፤ ራሱ መጥቶ ነው። ሙሀባ ተኝታ አጎቷን እያየች ነው የተነቀለው። ያንን አልነገረችኝም ነበር።

«እታለም» አለ። «ልታቃጥይኝ ነው?»

«አንተን አላቃጥልህም። በሬን ነው የምወስደው።»

ፀሐይዋ ከፊቴ ወደ ጉልበቴ ወረደች። የከተማችን የሮቢት ፀሐይ እንግዳ አያውቅም፤ ዓይኔ ጭልም ይልብኛል፣ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። ዝንብ በቅሏ አፍ ላይ ይዞራል። ልጆቹ መጥተው በሩ ሥር ቆሙና አባታቸውንም አክስታቸውንም አይተው ተመለሱ። ለአስር ሶላት ወደ መስጊድ የሚወጡ ሽማግሌዎች ባጠገባችን አለፉ። ከነሱ አንዱ፣ አባታችንን የሚያውቅ፣ ቆመ። እኔን አየ፣ ቅሏን አየ፣ ሷሊሕን አየ። ሰላምታም ሳይሰጠው አለፈ።

ወንድሜ ተነሣ። በጓሮ በኩል ዞሮ ገብቶ የብሎን መፍቻ ይዞ መጣ። ቅሏን አንሥቶ ዝንቡን አራገፈና በሁለት እጁ አቀበለኝ። «ተሰጥቶሻል። ጠጪ» አለኝ። ጠጣሁ። ሞቋል፣ አቧራም ገብቶበታል፤ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ከደፉ ስነሣ ክንዴን ይዞ ያነሣኝ እሱ ነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። መሪያም ከውስጥ ቆማ አፏን በሻሿ ይዛ ታያለች። በሩ ሲወጣ እርጥቡ ጭቃ ተደርምሶ ቤቱ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ቀረ፤ ድሮ የነበረውን የእንጨት ደጅ ፈልጠውት ማገዶ ሆኖ ነበር።

ከሥራ የሚመለሱ አራት ሰዎች ለመንኩ፣ በትከሻቸው ተሸከሙት። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። በከተማው መሐል ስናልፍ በየሱቁ ደጃፍ የተቀመጠው ሰው ተነሣ። መጀመሪያ ምን እንደሆኑ አልገባኝም። አንዱ «ኢና ሊላሂ» አለ፤ ሌላው ትከሻውን ሊያግዝ ሮጠ። ሬሳ፣ ጀናዛ መስሏቸው ነው። በአራት ሰው ትከሻ ላይ፣ ሴት ከኋላ እየተከተለች፣ ሌላ ምን ይምሰላቸው? ቀርበው ላሜራውን ሲያዩ አፍረው ቀሩ። አንዱ ሽማግሌ ግን ጥቂት እርምጃ አብሮን ሄደ፤ የሱ ዓይን ደካማ ነው፣ ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም።

አብዱልወሃብ ሲሚንቶ ከመጋዘኑ አውጥቶ ማጠፊያውን መለሰ። ድንጋዩን በሰንሰለቱ አንጠለጠለ። ሲለቀው በሩ ራሱ ሄዶ ገጭ ብሎ ተዘጋ፤ የቤንዚኑ ሽታ እዚያው ላይ ቆመ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ቃጣቸው። «የኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ሳይነግሩት ዘግቶ አያውቅም ነበር» አለች ጌጤ፤ ሁሉም ሣቁ። ሙሀባም ሣቀች፤ ከወለደች ወዲህ ስትሥቅ መስማቴ ነው። እኔን ስታየኝ ግን አቆመች።

ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት ስንዘጋጅ መሪያም መጣች። ትንሹን አዝላለች፣ ሁለቱ ልጆች ሰሌንና ብርድ ልብስ ተሸክመው ከኋላዋ ናቸው። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ወሬ ቀድሟት ደርሶ ነበር፤ ሴቶቹ ከየደጃፋቸው ብቅ አሉ።

«እሳቱን ይዘሽብን መጣሽ?» አለቻት ጌጤ። ቀልድ አልነበረም። «የካፖ ልጆች እዚህ ካደሩ ማን ቤት ብለው ሊመጡ ነው?»

«እሱ አልመጣም» አለች መሪያም። አታለቅስም፤ ዓይኗ ደርቋል። «‹እኔ ከሄድኩ ተከትለውኝ ይመጣሉ፤ እናንተ ብቻ ሂዱ፣ እዚያ በር አለ› አለን።»

ጌጤ ሄዳ ከትልቋ ልጅ ላይ ሰሌኑን ተቀበለቻት። «ነይ ግቢ፣ ምን ትቆሚያለሽ» አለች ተቆጥታ፣ ማንን እንደተቆጣች ሳይታወቅ። ከሙሀባ ጎን ቦታ አበጀንላቸው። ልጆቹ እንደተጋደሙ ተኙ፤ እንቅልፍ ያጡ ልጆች ናቸው።

እኔ ደጅ ወጣሁ። የሷሊሕ ቤት ጣራ ከኛ ደጃፍ ይታያል። በቀዳዳው ላይ ምንም አልጋረደበትም። ወንበር አውጥቶ እዚያው፣ በሩ በነበረበት ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ተራራው አድርጎ ተቀምጧል። ፋኖሱን ጎኑ አብርቶታል። ለምን እንዳበራው አላውቅም። ምናልባት ማንን ብለው እንደመጡ እንዳይሳሳቱ ይሆናል፤ ምናልባትም ጨለማውን ፈርቶ ነው፣ ልጅ ሳለም ይፈራ ነበር።

ሙሀባ ከውስጥ ጠራችኝ። «እማ፣ አጎቴ የት ነው የሚያድረው?»

«ቤቱ» አልኳት።

ነፋሱ ከቆላ ተነሥቶ ሰሌኑን ያንቀጫቅጨው ጀመር። ጌጤ ደጇ ላይ የተጣደውን ገና ያልበሰለ ሽሮ አወረደችና ፍሙ ላይ ውሃ ደፋችበት። ቀጥሎ ያለችውም ደፋች። ማንም ማንንም ሳያዝዝ፣ በየደጃፉ ያለው እሳት ሁሉ እየጨሰ ጠፋ፤ በዚያ ሰፈር የቀረው ብርሃን የወንድሜ ፋኖስ ብቻ ሆነ።